ደጃፋችን ላይ የተቀመጠው ውሃ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6

ቶሎ ልጻፍ፣ ሰው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ዛሬ ጠዋት ሱቅ ልከፍት ስመጣ ጓጉንቸሩ ላይ ጥቁር ጨርቅ ታስሮ አገኘሁ። አሮጌ አይደለም፣ አዲስ ነው፣ ተገዝቶ የተቀደደ። ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት። ዞር ስል ተማሪዎች ቆመዋል፣ ሰላም የሚል የለም። የጎረቤታችን ልጅ ኢንሳፍ፣ የአስራ አንደኛ ክፍሏ፣ ቅዳሜ ከኔ የገዛችውን መጽሐፍ ባንኮኒው ላይ አኖረችው። ዓይኗ አብጧል። ብሩን አልፈልግም ጋሽ ሙሜ፣ ግን ይሄ መጽሐፍ እኛ ቤት አያድርም አለችኝ። ሌሎቹም ተራ በተራ አስቀመጡ። አንዱ የመጨረሻውን ገጽ ገንጥሎ ነው ያመጣው።

ቀሪውን ማታ።

ማታ።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞራል። መጽሐፉ «የዝናብ ቁልፍ» ነው፣ አምስተኛውና የመጨረሻው ቅጽ። ቅዳሜ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ደረሰልኝ፣ ሳይመሽ አለቀ። ከገለምሶ በሚኒባስ የመጣ አለ፣ ከሚኤሶ በስልክ ያስያዘ አለ። ከጭሮ እስከ በዴሳ ወጣቱ ሁሉ ጉርሜሳ ጉርሜሳ ሲል ነው የኖረው። ጉርሜሳ የተቆለፈውን ዝናብ ሊከፍት ቁልፍ ይዞ አገር ለአገር የሚዞር ልጅ ነው። ጸሐፊው ዘገየ ሰርካ ይባላል። ሰው ጡረታ የወጣ የአዳማ መምህር ነው ይላል፣ አይ ዓይነ ስውር ነው የሚልም አለ።

ዘገየ ሰርካ ልጄ ሳብሪና ናት። ሱቁ ውስጥ ከፎቶኮፒው ጀርባ ተቀምጣ የሰው ማመልከቻ የምትተይበው። የምናውቀው ሦስት ነን፤ እሷ፣ እናቷ ፋጤና እኔ።

አሁን ጉርሜሳን ገደለችው።

ራት ላይ ለምን አልኳት። ታሪኩ እዚያ ነው ያለቀው አባ አለች። ሩቅ አገር አድርገሽ ብትተዪውስ፣ ሰው ተስፋ አይቆርጥም ነበር አልኳት። እንጀራውን እያየች መለሰችልኝ።

«ሩቅ አገር ነው ያስቀመጥኩት አባ፣ ሦስት ቅጽ ሙሉ። ደከመኝ።»

ፋጤ ተነስታ ወጣች፣ በር ልዝጋ ብላ። በሩ ዝግ ነበር።

እኔ የመጨረሻውን ምዕራፍ አላነበብኩም። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ለነገ፦ ቀለም፣ ኤ ፎር ወረቀት፣ የጓጉንቸር ቅባት። ለኢዘዲን መደወል።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7

የኢዘዲን ስልክ ዝግ ነው። ትልቁ ልጄ ነው፣ ሳውዲ ነው ያለው። በሚኤሶ በኩል በጭነት መኪና ከወጣ ሦስት ዓመት አልፎታል። እዚያ ሥራ ሲበዛ ስልክ አይመችም ይላሉ። ቁጥርም ይቀይራሉ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

ሱቁ ክርክር ቤት ሆኗል። የሚገዛ የለም፣ የሚጨቃጨቅ ብቻ። ሁለት ጎራ ወጥቷል፤ ሞቷል የሚሉና አልሞተም የሚሉ። የአልሞተም አለቃ ፊዚክስ የሚያስተምረው መምህር ዋሲሁን ነው፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣው። ይሄ ሁሉ የተማረ ሰው ባንኮኒዬን ተደግፎ፣ ሬሳ ሳይገኝ ሞተ አይባልም እያለ ይምላል። ውሃ ውስጥ ገባ ተባለ እንጂ ሰጠመ የሚል ቃል የለም ይላል።

እኔም ሳላስበው ገባሁበት። ልክ ነው አልኩ። ስንት ሰው ጠፍቶ ተገኝቷል አልኩ። በሌላ ጀልባ ተነስቶ ይሆናል፣ ታስሮ ይሆናል፣ ወረቀት ስለሌለው ስሙን ቀይሮ ይሆናል። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ሁሉም ዞረው አዩኝ። ዋሲሁን ሳቀና፣ ጋሽ ሙሜ ከኔ በላይ አንብበውታል አለ።

ሳብሪና ጀርባዋን ሰጥታን ትተይብ ነበር። ምን እንደምትተይብ በኋላ አየሁ። ሰዉ የራሱን መጨረሻ እየጻፈ እንድትተይብለት ያመጣል። በአንዱ ጉርሜሳ አግብቶ በዴሳ ላይ ጫት ቤት ከፍቷል። ሳትስቅ ተይባ ትሰጣለች።

መህዲም ነበር። የባጃጅ ሹፌር ነው፣ ጀሪካን ውሃ ከጉድጓድ እያመላለሰ ይሸጣል። እሱም እንደ ኢዘዲን በሚኤሶ በኩል ወጥቶ ከየመን የተመለሰ ነው፣ አምና። አንድ ጊዜ ያኔ ሱቅ መጥቶ ላናግርዎት ብሎኝ ነበር፣ ሥራ ይዤ ነበር። ዛሬ በር ላይ ቆሞ ክርክሩን ሰማ። ሁሉም ሲበተን ጠጋ ብሎ በቀስታ፦

«ዘገየ ሰርካ የሚባል ሰው የለም አይደል፣ ጋሽ ሙሜ። ማን እንደጻፈው አውቄያለሁ።»

ምን ፈልገህ ነው አልኩት። እርስዎን ለማናገር አለ። ዛሬ አይመቸኝም ብዬ በሩን ሳብኩት።

ማንስ ነገረው? ፋጤ ማንበብ አትችልም፣ ወሬም አታበዛም። እኔ አልተናገርኩም። ጫት ስንቅም፣ በርጫ ላይም አልተናገርኩም።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 10

ለሱብሂ ሶላት ልወጣ በሩን ስከፍት ደጃፉ ላይ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል። ሙሉ ውሃ። ከተማው ውሃ አጥቶ በሚጣላበት ሰሞን ማን ነው ሙሉ ጀሪካን ጥሎ የሚሄድ?

ማንም ይጠጣው አልኩ፣ እኛ ግን አንጠጣም። ጓሮ ወስጄ ደፋሁት። ፋጤ እያየችኝ ነበር።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 13

በልጉ ቀረ። ደመናው ይመጣና ወደ ገለምሶ ያልፋል። ልጆቹ በቴሌግራም እየተፃፃፉ ነው። ኢንሳፍ አሳየችኝ። እሱን ገድለሽ ዝናቡ የታለ ይላል አንዱ። ገድለሽ። ሴት መሆኗን በምን አወቀ? ወይስ የፊደል ግድፈት ነው? ሌላው፣ ደራሲውን ብናገኘው ለራሱም ምዕራፍ እንጽፍለት ነበር ብሏል፣ ከሥሩ የሚስቁ ፊቶች አሉ። እኔ አልሳቅኩም።

ኢንሳፍን መጨረሻው ምን እንደሆነ በወሬ ጠየቅኳት፣ እንዳላነበብኩ ሳልነግራት። በጨው ባሕር ላይ ጀልባው ከበደ አለችኝ። ጉርሜሳ የቀረችውን ውሃ ስሙ ላልተነገረ አንድ ልጅ ሰጠውና ራሱ ወረደ።

ውሃውን ሰጠው። ከዚያ እኛ ደጃፍ ላይ ውሃ።

አሁን ገባኝ። ምልክት ነው። የገዳዩን ቤት እናውቃለን ማለታቸው ነው።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 17

ሁለተኛ ጀሪካን። ደፋሁት። የባጃጅ ጎማ ምልክት አለ። ከተማው ውስጥ ያለው ባጃጅ ብዛቱ! ግን እኔ የማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ለሳብሪና፦ ብቻሽን አትሂጂ። በመናኸሪያ በኩል አትለፊ። ስልክሽን ቆልፊ። ማንም ቢጠይቅሽ ዘገየ ሰርካ አዳማ ነው በይ።

«መህዲን ነው የምትፈራው?» አለችኝ። ማን ስሙን ጠራ አልኳት። አንተ አለች፣ በእንቅልፍህ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 19

የዛሬውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ተማሪዎቹ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሜዳው ላይ ሸራ ወጥረው ለጉርሜሳ ለቅሶ ተቀመጡ። ዋሲሁን፣ አልሞተም ባዩ፣ እሱ ራሱ ምንጣፍ አዋጥቷል፤ ለጨዋታ ነው እያለ። ቆሎ ዞረ፣ ቀልድ ዞረ። እስከዚህ ድረስ ምንም አይደለም፣ ልጆች ናቸው።

ከቀትር በኋላ ፋጤ መጣች። የኔ ፋጤ። ሻሿን አጥብቃ፣ ነጠላዋን ገልብጣ፣ ከሴቶቹ መሃል ገብታ ተቀመጠችና አለቀሰች። መጀመሪያ ልጆቹ ሳቁ አሉ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ደረቷን እየመታች በኦሮምኛ አወረደችው፣ እንደ እውነተኛ ለቅሶ። ኢንሳፍ ይዛ ወደ ቤት መለሰቻት።

እኔ የሰማሁት ሱቅ ውስጥ፣ ከደንበኛ ነው። ጋሽ ሙሜ፣ ባለቤትዎ መጽሐፍ ትወዳለች ማለት ነው አለኝ። አዎ፣ ትወዳለች አልኩት።

ፋጤ ፊደል አትለይም።

ቤት ስገባ ልቆጣት ነበር። ሰው ምን ይለናል፣ ሳብሪናን ልታስይዢ ነው ልላት። እግሯን አጥፋ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ቀና ሳትል፦

«የኢዘዲን አባት፣ ሰው የተቀመጠበት ቦታ ተቀመጥኩ። ሌላ የምቀመጥበት ቦታ አልሰጠኸኝም።»

ደክሟታል። ውሃ የለም፣ ሙቀት ነው፣ ሰው በዚህ ሰሞን ይከፋዋል። ነገ ጤና ጣቢያ ግፊቷን ትለካ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 24

ሦስተኛ ጀሪካን። ዛሬ ተደብቄ ጠብቄው ነበር። መህዲ ነው። ባጃጁን ሳያስነሳ እየገፋ መጣ፣ ድምፅ እንዳይሰማ። ጀሪካኑን አስቀመጠ፣ በሩን በመዳፉ ነካ አደረገና ሄደ።

በሩን ለምን ነካው?

እዚያው መንገዱ ላይ፣ ገና ሳይርቅ ደፋሁት። ዞሮ ያየኝ መሰለኝ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 26

ትናንት ጣራችን ላይ ድንጋይ ወደቀ። የጎረቤት ልጆች ፍየል ሲያባርሩ ነው ይላሉ። ይሁን።

ያሰብኩት፦
ፖሊስ፣ አይሆንም፣ ስሟ ይወጣል።
ሳብሪናን ድሬዳዋ አክስቷ ጋ መላክ፣ አልሄድም አለች።
ስድስተኛ ቅጽ እንድትጽፍና እንድታስነሳው፣ እምቢ አለች። ለመንኳት። የፈለገው ይሁን፣ አንዲት ገጽ ብቻ፣ አንድ ሰው ከሩቅ አየሁት ቢል ይበቃል አልኳት። ያኔ ነው ያለቀሰችው። አባ ይሄንን አታስደርገኝ አለች።
ሽማግሌ ወደ መህዲ መላክ።

የመጨረሻው ይሻላል። ያለ ሽማግሌ እዚህ አገር ምን ነገር ያልቃል።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 27

ሐጂ አብዱናስር ጋ ሄድኩ። ጋሽ አምባውንም ጨመርኩ፣ ጡረታ የወጣ ጤና ረዳት ነው፣ ጎረቤታችን፣ ፋሲካን አሰቦት ገዳም አሳልፎ ሰሞኑን ነው የተመለሰው። መህዲን ያዙልኝ፣ ስለ ቤቴ አፉን ይዝጋልኝ፣ ከደጃፌ ይራቅልኝ አልኳቸው። መጽሐፉን ግን አላነሳሁም፣ የወጣት ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

ሁለቱ ተያዩ። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«ሙሜ፣ ሽማግሌ፣ ጃርሳ ከላክህ ነገሩ ከእጅህ ወጥቷል ማለት ነው። የሱንም እንሰማለን። ይዘን የምንመጣውን ትቀበላለህ፣ የሚጥምህን ብቻ አይደለም። ትቀበላለህ?»

ከእጃችሁ አልወጣም አልኩ። እጃቸውን መትቼ ቃል ሰጠሁ። አምባው ወደ መሬት ነበር የሚያየው። ስወጣ እስከ በር ሸኘኝ፣ አይዞህ አለኝ። የባጃጅ ሹፌር ለማስታገስ አይዞህ ምን ያደርጋል?

ማታ ለሳብሪና ነገርኳት። ወደ መህዲ? አንተ ራስህ ላክህ? አለች። አዎ አልኳት። ቁጭ አለች። ጥሩ አለች። አባባሏ አልጣመኝም።

ዓርብ፣ ግንቦት 1

ዛሬ ጀሪካን የለም። ሠራ ማለት ነው። አልሐምዱሊላህ።

ሐጂን ከጁምዓ በኋላ መስጊድ በር ላይ አገኘኋቸው። ሰማነው አሉኝ። ምን አለ አልኳቸው። እንመጣለን አሉ። እጄን ይዘው ቆዩ፣ ከወትሮው በላይ።

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ገበያ ሞተ። ሁለት ቅጂ ብቻ ሸጥኩ። ዋሲሁን መጣ፣ መከራከር ትቷል፣ መጽሐፉን ግን ደግሞ አንብቦታል። ጋሽ ሙሜ፣ ይሄ ሰው ያላየውን አልጻፈም አለኝ። ወይ ያየ ሰው ነግሮታል። ምኑን አልኩት። ጫማውን አለኝ። ጉርሜሳ ከመውረዱ በፊት ጫማውን አውልቆ በማሰሪያው የልጁ አንገት ላይ ያንጠለጥለዋል፣ እንዳይረጥብ። የግራው ማሰሪያ ተበጥሶ በመጠረዣ ክር ነው የተተካው። ማን ነው ይሄን ከራሱ የሚፈጥረው አለ።

ብዙ ሰው ጫማ በክር ያስራል አልኩት።

የሱቃችን መጠረዣ ክር ነጭ ነው። ጠንካራ ነው። ኢዘዲን ለፈተና ሲቀመጥ እኔ ነኝ ያሰርኩለት፣ የግራውን። ብዙ ሰው በክር ያስራል።

ሱቅ በጊዜ ዘጋሁ። ለኢዘዲን ደወልኩ። ዝግ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ፋጤ ግቢውን እየጠረገች ነው። ትልቁን ማንቆርቆሪያ ከኢንሳፍ እናት ተውሳለች። ምንጣፎቹን አራግፋ ፀሐይ ላይ አሰጥታለች። አረፋ ገና ነው፣ ምን ልታደርጊ ነው አልኳት።

ሰው ይመጣል አለች።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ሊነጋ ነው። ከሱብሂ ተመልሼ ገና ጫማዬን ማውለቄ ነው። የእግር ድምፅ። በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ሐጂ አብዱናስር ከፊት። አምባው ነጠላውን አጣፍቶ። ከኋላቸው የሰፈር ሰው። የፋጤ ወንድም ከገለምሶ፣ ማን ጠራው? መህዲ። ጥቁር ፌስታል ይዟል።

ሽማግሌ ለእርቅ በዚህ ሰዓት አይመጣም።

ፋጤ ልትከፍት ነው። አትክፈቺ አልኳት። አትክፈቺ

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

እጄ አሁን ነው የታዘዘልኝ።

መርዶውን ሐጂ ተናገሩ፣ ዝርዝሩን መህዲ። ከጅቡቲ ጠረፍ በማታ ጀልባ ወጡ። ጀልባው ከበደ፣ ደላሎቹ የተወሰነ ሰው ይውረድ፣ የብስ ቅርብ ነው አሉ። ቅርብ አልነበረም። መህዲ ታሞ ነበር፣ ውሃውን ጨርሷል። ኢዘዲን የራሱን ጀሪካን ሰጠው። ጫማውን አውልቆ አንገቱ ላይ አንጠለጠለለት። አባቴ የገዛልኝ ነው፣ እንዳይረጥብ ያዝልኝ፣ አለው። ከዚያ ወረደ። ከወጣ በአንድ ወሩ ነው ይሄ የሆነው።

ፌስታሉን ለኔ ዘረጋው። የግራው ጫማ ማሰሪያ ነጭ ነው።

አምና ሱቅ የመጣው ይሄንኑ ሊነግረኝ ነበር። ላናግርዎት ሲለኝ፣ ልጄ ሪያድ ነው፣ ደህና ነው፣ ብዬ ሳልጠየቅ እንደመለስኩለት አስታወሰኝ። የሟች ነገር ለአባት እጅ ነው ብሎ ጫማውን ለማንም አልሰጠም፣ ለሳብሪና ግን ከኋላ ክፍል አሳይቷት ነግሯታል። እሷ ለእናቷ ነግራለች። ለኔ ደግሞ ጻፈችልኝ። ከተማው ሁሉ ሞተ አልሞተም ብሎ ሲከራከር፣ ለኔ የተጻፈውን አምስተኛ ቅጽ እኔ ዘግቼ አስቀመጥኩት።

ሰላተል ጋኢብ ተሰገደ። ሬሳ በሌለበት ሰገድንለት። ተማሪዎቹ መጥተው ነበር፣ የሜዳውን ሸራ ይዘው መጥተው ግቢያችን ውስጥ ወጠሩት። ማንም ዘገየ ሰርካ ማነው ብሎ አልጠየቀም። ኢንሳፍ ሳብሪና አጠገብ ተቀመጠች፣ እጇን እንደያዘች ዋለች። ዋሲሁን ለሰው ውሃ ሲያድል ነበር፣ ወደኔ ሲደርስ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። ያ ጥቁር ጨርቅ እስካሁን ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው። ማን እንዳሰረው አልጠየቅኩም።

ሳብሪና የመጨረሻውን ምዕራፍ ወደ ኦሮምኛ እየመለሰች ለእናቷ አነበበችላት። እኔ በር ላይ ቆሜ ሰማሁት። ሰጠመ የሚል ቃል የለውም፣ ዋሲሁን ልክ ነበር። ግን ሞቷል።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰደቃው ሲወጣ፣ ደንቡ ነውና ተነስቼ ቆምኩ። ልጄ ኢዘዲን ላይ ሐቅ ያለው ሰው ካለ አሁን ይናገር፣ እኔ እከፍላለሁ፣ አለዚያ አውፍ ይበለው፣ ይቅር ይበለው አልኩ። ሁሉም አውፍ ብለናል አለ። ልቀመጥ ስል መህዲ ተነሳ።

«እኔ ከሱ የምፈልገው የለም፣ ጋሽ ሙሜ። የሱ ሐቅ ነው እኔ ላይ ያለው። አንድ ጀሪካን ውሃ። ደጃፋችሁ አመጣሁት። አልተቀበላችሁኝም።»

ሐጂ ወደኔ አዩ። አውፍ ብዬሃለሁ ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው። ከአፌ አልወጣም። ይሄ ልጅ ያን ውሃ ባይጠጣው እያልኩ ነበር የማስበው፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

የተከፈለ፦ መርዶው፣ ሰላቱ፣ ሰደቃው። ማንቆርቆሪያው ለኢንሳፍ እናት ተመልሷል። ሸራው ለትምህርት ቤቱ።

ነገ ዓርብ ነው። በሩን ከሱብሂ በፊት ከፍቼ አየዋለሁ። ካላመጣም መብቱ ነው፣ ሦስቱንም ያመጣውን ደፍቼበታለሁ።

አንዱ ጀሪካን ውሃ አልተከፈለም።